ዊንዶውስን አውጥቼ ሊኑክስ ሚንት ጫንኩ፦ 7 ወር በአንድ የማርቆስ ፎቶ ኮፒ ቤት

እሺ፣ ሰው ሁሉ እየመጣ "ዊንዶውስን ለምን ተውክ?" ብሎ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ደብረ ማርቆስ ላይ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፣ አራት ዴስክቶፕ፣ አንድ ትልቅ ኮፒ ማሽን፣ ሁለት ፕሪንተር፣ አንድ ላሚኔሽን፣ እና ሁሉንም ከኔ በላይ የምታውቃቸው የእህቴ ልጅ። ጠዋት ጠዋት ማመልከቻና ውል እንጽፋለን፣ የመሬት ደብተር ኮፒ እናረጋለን፣ ከሰዓት ተማሪ ይመጣል፣ ጥርና ሚያዝያ የሠርግ ካርድ ነው፣ ግንቦትና ሰኔ ደሞ የመመረቂያ ጽሑፍ ባይንዲንግ ስለሆነ ያኔ ምሳ የሚባል ነገር የለም። ይሄን የማወራው የኮምፒውተር ሊቅ እንዳልሆንኩ እንድታውቁት ነው። ገጽ ቆጥሬ የማድር ሰው ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት 4፣ 2018 ላይ ነው ማለት ይቻላል፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 14፣ 2025። የዛን ቀን ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ አቆመ። ኮምፒውተሩ አይጠፋም፣ ይሠራል፣ ግን የደኅንነት አፕዴት የለም፣ በኔ ሥራ ደሞ በቀን ስንት የሰው ፍላሽ እንደሚሰካ አስቡት። ታዲያ ወደ 11 ከፍ በል ይላል፣ እሺ ልበል፣ የኔዎቹ ማሽኖች ግን ሦስቱ ኮር አይ 5 ስድስተኛ ጀነሬሽን ናቸው፣ አንዷ ደሞ አይ 3 አራተኛ ጀነሬሽን፣ አሮጊት። 11 ከኢንቴል ስምንተኛ ጀነሬሽንና ከዛ በላይ ነው የሚፈልገው፣ በዛ ላይ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይላል። ማሽኖቹ ምንም አልሆኑም እኮ፣ ወርድ ይከፍታሉ፣ ያትማሉ፣ ስካን ያረጋሉ። በአንድ ቀን "ያረጁ" ተባሉ፣ በቃ።

ለአንድ ዓመት ማራዘሚያ አለ፣ እስከ ኦክቶበር 13፣ 2026 ድረስ። አንደኛው መንገድ 30 ዶላር መክፈል ነው፣ ሌላኛው የኮምፒውተርህን ሴቲንግ በማይክሮሶፍት አካውንት ወደነሱ ሰርቨር ባክአፕ ካረግህ በነጻ ይሰጥሃል፣ ሦስተኛው ደሞ በነሱ መፈለጊያና በነሱ ጌም የሚጠራቀም 1000 ነጥብ ነው። እንግዲህ አያችሁት? ብር ከሌለህ አካውንት አምጣ፣ አካውንት ካልፈለግህ የኛን ሌላ ዕቃ ተጠቀም። አውሮፓ ውስጥ የሸማቾች ድርጅት ጮኾ ያለ ክፍያና ያለ ባክአፕ እንዲያገኙት አስደረገ፣ አካውንት ከፍቶ መግባት ግን ለነሱም አልቀረም። እኛ ጋ ማን ይጮኻል።

በዚህ መሀል ነው የእህቴ ልጅ "ሊኑክስ ሚንት እንሞክር" ያለችኝ፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም ነው። ሊኑክስ የሚባለውን የማውቀው ሰርቨር ላይ ለሚሠሩ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ሲጽፉ ለሚያድሩ ልጆች ነው ብዬ ነበር። አደለም። ሚንት ታች ጥግ ላይ ሜኑ አለው፣ ሰዓቱ ቀኝ ነው፣ ፎልደሩ ፎልደር ነው። ፋይሉ ወደ 3 ጊጋ ይጠጋል፣ በሌሊት ጥቅል አወረድችው፣ ጠዋት ፍላሽ ላይ ጻፈችው፣ ከዛ ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ብቻ አስነስታ "ያው፣ ንካው" አለችኝ። ይሄ ነገር በጣም ነው የተመቸኝ፣ ምንም ሳትነካ፣ ሃርድ ዲስክህ እንዳለ ሆኖ፣ ሞክረህ ካልጣመህ ፍላሹን ነቅለህ መሄድ። ሸቀጥ እንደዚህ ነው መሸጥ ያለበት፣ ጤፍም እኮ ሰው ቆንጥሮ ዓይቶ ነው የሚገዛ።

ሁለቱ ላይ ሲናመን የሚባለውን ዓይነት ጫንን፣ አሮጊቷ ላይ ደሞ ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢ የሚሉትን። አሮጊቷ 4 ጊጋ ራም ነው ያላት፣ በፊት ስትነሳ ቡና ተቆልቶ ይደርስ ነበር። አሁን ወንበር ስቤ እስክቀመጥ ትነሳለች። ሃርድ ዲስኳን በኤስኤስዲ ቀይረናል፣ እሱም አለበት፣ ለሚንት ብቻ ምስጋናውን አልሰጥም። አንድ ሁሌ ማመልከቻ የሚያጽፉ አባት አሉ፣ ከገጠር ነው የሚመጡት፣ ገና በሁለተኛው ቀን ስክሪኑን ዓይተው "ልጄ፣ ሰማያዊ አልነበረም እንዴ፣ አረንጓዴ ሆነሳ?" አሉኝ፣ ሲስተም ቀይረን ነው አልኳቸው፣ "ኸበፊቱስ ይፈጥናል" አሉ። እሳቸው የሚያዩት እሱን ነው፣ እውነታቸውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሰው የሚለኝ ምንድነው፣ "አንተ ደሞ፣ ማን አስገደደህ? ያልፈለገ አይጠቀም!" ይሄን የሚለኝ ሰው ፍላሹን ሰክቶ የወርድ ፋይል እያሳተመ ነው።

ማስገደድ ማለት ሽጉጥ መደገን ብቻ አደለም። በፈረንጅ 1994 የአሜሪካ መንግሥትና ማይክሮሶፍት የተስማሙበት ጉዳይ አለ፣ እስከዛ ድረስ ብዙ የኮምፒውተር አምራቾች ለማይክሮሶፍት የሚከፍሉት በሚሸጡት ኮምፒውተር ብዛት ነበር፣ ሌላ ሲስተም የጫኑበትም ጭምር ይቆጠራል። አስቡት፣ ጤፍህን ሌላ ወፍጮ ቤት አስፈጭተህ ስትመለስ የሰፈርህ ባለ ወፍጮ መንገድ ላይ ቆሞ "የኔንም ሒሳብ" ሲልህ። ታዲያ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ወፍጮ ቤት ትሄዳለህ? ሁለት ጊዜ ለመክፈል? በስምምነቱ ያ ቀረ፣ ግን እስኪቀር ድረስ ሰዉ የት እንደሚያስፈጭ ተለምዷል።

ከዛ በ1998 መንግሥትና 20 ግዛቶች ከሰሱት፣ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የሚባለውን የራሱን ብራውዘር፣ የድረ ገጽ መክፈቻውን፣ ከዊንዶውስ ጋር አጣብቆ ተፎካካሪውን ኔትስኬፕን ገበያ አስወጣ ተብሎ። በ2000 ዳኛው ድርጅቱ ለሁለት ይከፈል ብለው ፈረዱ፣ በ2001 ይግባኝ ሰሚው መከፈሉን ሻረው፣ ሞኖፖሉን ለማቆየት ሕግ ጥሷል የሚለውን ግን አልሻረውም፣ በዋናው ነጥብ አጸናው። እና "ማንም አላስገደደም" ለሚሉኝ፣ የአሜሪካ ፍርድ ቤት እንኳን እንደዛ አላለም። ኔትስኬፕ ግን በፍርዱ አልተመለሰም።

አውሮፓዎቹ ደሞ በ2004 ሚዲያ ፕሌየሩን አጣብቀሃል ብለው 497 ሚሊዮን ዩሮ ቀጡት፣ በኋላ ስለ ብራውዘር ተነስቶ ለተጠቃሚ የምርጫ ገጽ አሳያለሁ ብሎ ቃል ገባ፣ ከዛ ከ2011 እስከ 2012 ከዓመት በላይ ገጹን ሳያሳይ ቀረ፣ ቴክኒካል ስሕተት ነው አለ፣ በ2013 ሌላ 561 ሚሊዮን ዩሮ። እኔ ላሚኔሽን ሁለት ጊዜ ያጠፋብኝን ልጅ ሁለተኛውን ከደሞዙ እቆርጣለሁ፣ ቆርጬም አውቃለሁ፣ ሦስተኛ አላጠፋም። እነዚህ ግን ቲምስ የሚባለውን የስብሰባ ፕሮግራም ከኦፊስ ጋር አጣብቀው ስላክ የሚባለው ድርጅት በ2020 ከሰሳቸው፣ ነገሩ እስከ 2025 ሄዶ ነው ለይተን እንሸጣለን ብለው ቃል ገብተው የተዘጋው። ስሙ ይቀየራል እንጂ ጨዋታው አንድ ነው፣ የሚያስፈልግህን ዕቃ ስትገዛ የማያስፈልግህን ይቋጥርልሃል።

የዛሬውስ? 11 አዲስ ሲከፈት ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል፣ መጀመሪያ ሆም የሚባለው ብቻ ነበር፣ ቀጥሎ ፕሮውም ለግል አጠቃቀም እንደዛው ሆነ። በአቋራጭ ማለፊያ ዘዴዎች ነበሩ፣ በ2025 በሙከራ ቅጂዎቹ ላይ እሱንም እያወጣው እንደሆነ ራሱ አሳውቋል። ይሄ አዲስ አበባ ወይ ናይሮቢ ላለ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። እኛ ግን በኛ አቆጣጠር ከ2015 ክረምት ጀምሮ ዳታ ለወራት ጠፍቶ የከረመበት ክልል ነን፣ ኮምፒውተር ገዝቶ ሣጥኑን ከፍቶ "እባክህ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝ" ሲባል ምን ሊያደርግ ነው ሰዉ? ባሕር ዳር ተሸክሞ ይሂድ? እዛም እኮ ጠፍቶ ነበር። የገዛሁት ዕቃ የኔ ነው አደለም የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው ጎልቶ የሚታየኝ፣ ማረሻ ገዝቼ ለማረስ ከብረት ሠሪው ፈቃድ አልጠይቅም።

ሌላም አለ ያው። ዋን ድራይቭ የሚባለው ዴስክቶፕህንና ዶክመንትህን ወደነሱ ማስቀመጫ ያስገባል፣ ነጻው 5 ጊጋ ነው፣ የአንድ ሠርግ ፎቶ ነው እሱ፣ ሲሞላ ክፈል ይላል። ከስታርት ሜኑ ላይ ስትፈልግ ሌላ ብራውዘር መርጠህ እንኳን በራሱ ብራውዘር በኤጅ ነው የሚከፍትልህ። አውሮፓ ውስጥ ሕግ ስላለ ኤጅን ማውጣት ይቻላል። ማለትም ይቻላል እኮ! አይቻልም ሲባል የነበረው ነገር ሕግ ሲመጣ ይቻላል።

አሁን ግን እኔ ራሴን ልናዘዝ፣ ካልሆነ ግምገማው ውሸት ነው። በሃያ ምናምን ዓመት ውስጥ ለዊንዶውስ አንድ ብር ከፍዬ አላውቅም። ክራክ ነው። የማርቆስም፣ የፍኖተ ሰላምም፣ የቡሬም፣ የሞጣም ጽሕፈት ቤት የማውቀው ሁሉ ክራክ ነው። መጀመሪያ ያመጣኋቸውን ሁለቱን ማሽኖች ከአንድ ትልቅ ከተማ ነው የገዛሁት፣ ሻጩ "ሁሉም አክቲቬትድ ነው ጋሼ፣ ለዕድሜ ልክ" ብሎኝ በሦስተኛው ሳምንት ስክሪኑ ጠቆረ፣ ስደውል "አምጣውና እናየዋለን" አለኝ፣ አባይን ተሻግሬ ሁለት ዴስክቶፕ ይዤ ልመለስ። እንግዲህ ያልከፈልኩበትን ዕቃ "አስገደዱኝ" ማለት ትንሽ አፍ ያስይዛል። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

መልሱን ያገኘሁት ቢል ጌትስ ራሱ ከተናገረው ነው። በ1998 ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፊት ስለ ቻይና ሲያወራ፣ ሰዎቹ ሶፍትዌር መስረቃቸው ካልቀረ የኛን ቢሰርቁ ይሻላል፣ ይለምዱታል፣ ከዛ በሚቀጥለው አስር ዓመት እንዴት እንደምንሰበስብ አንድ ነገር እናበጃለን የሚል ነገር ተናገረ። እቺን ሳነብ የሆነ ነገር ነው የተሰማኝ። ክራኩ የኛ ጉብዝና መስሎን፣ ለካ እሱም ከሒሳቡ ውስጥ ነበር። ብሩን ከኔ አልወሰደም፣ ጣቴን ነው የወሰደው። ጣቴ ወርድ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ያሠለጠንኳቸው ልጆች ጣት ወርድ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ እነሱ የተቀጠሩበት ቢሮ ወርድ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ፎርማት አርግልኝ ብለህ ሠራተኛ ጋ ስትሄድ "ዊንዶውስ ስንት ልጫንልህ?" ነው የሚልህ። "ምን ልጫንልህ?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው በሕይወቴ አጋጥሞኝ አያውቅም።

እና እኔን ሲያስገድደኝ የኖረው ከአሜሪካ የመጣ ሰው አደለም። አንድ መሥሪያ ቤት አለ፣ ስሙን ተዉት። ሊብሬ ኦፊስ በሚባለው ነጻ የኦፊስ ምትክ የጻፍኩትን አንድ የጨረታ ሰነድ፣ የሱ ፋይል ዓይነት በሆነው በኦዲቲ ይዤ ሄድኩ፣ ጸሐፊዋ ፍላሹን ሰክታ ስሙን ብቻ ዓይታ "ይሄ አይከፈትም፣ በወርድ አርገህ አምጣ" አለች። እኅቴ፣ አንዴ ንኪው፣ ወርድ ራሱ ይከፍተዋል አልኳት፣ እውነት ነው ወርድ ከ2009 ጀምሮ ኦዲቲ ይከፍታል። "የማላውቀውን ፋይል አልከፍትም።" ልቆጣ ብዬ ተውኩት፣ ምክንያቱም ከቫይረስ አንጻር ልክ ናት፣ እኔም ልጆቹን እንደዛ ነው የማስተምራቸው። ተመለስኩ፣ በወርድ ፋይል በዶክኤክስ ሴቭ አረግኩ፣ እንደገና ሄድኩ፣ "ፊደሉ ፓወር ግዕዝ መሆን አለበት" ተባልኩ። ፀሐዩ ደሞ የዛን ቀን! ሦስተኛ ስመለስ ለምሳ ወጥታለች። ኦዲቲ እኮ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ የሆነው ገና በ2006 ነው፣ የማንም የግል ንብረት አደለም፣ የመንግሥት ሰነድ ቢቀመጥበት የሚያምርበት እሱ ነበር። ግን ለማን ነው የምነግረው።

አሁን ዕቃውን ራሱን ልገምግም፣ ጥሩ ጥሩውን ብቻ አልነግራችሁም።

አማርኛ መጻፍ፦ ይቻላል፣ በደንብ ይቻላል። አይባስ የሚባል የኪቦርድ መቀየሪያ አለ፣ እሱ ላይ ኤም17ኤን የሚባለውን ትጨምራለህ፣ ከዛ አማርኛ ሴራ የሚለውን ትመርጣለህ። በእንግሊዝኛ ፊደል እንደሚነበበው ትጽፋለህ፣ ሰላም ብለህ ስትመታ ሰላም ይወጣል። ሸ በኤክስ ነው፣ ቸ በትንሹ ሲ፣ ጨ በትልቁ ሲ። የእህቴ ልጅ በሁለት ቀን ለመደችው፣ እኔን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፣ የዓመታት የፓወር ግዕዝ ጣት በቀላሉ አይላቀቅም፣ አንድ ማመልከቻ ላይ "ለተከበሩ" ልጽፍ ብዬ የወጣውን ነገር እዚህ አልጽፈውም።

ፎንት፦ ዋናው መከራ ይሄ ነው። ያገራችን ሰነድ ግማሹ ኒያላ ነው፣ ግማሹ ፓወር ግዕዝ። ኒያላና ኢብሪማ የማይክሮሶፍት ፎንቶች ናቸው፣ ሚንት ላይ አይገኙም፣ ከሌለ ሲስተሙ በሌላ ይተካዋል፣ ሲተካው የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ መስመሩ ይንሸራተታል። ባለፈው ወር አንድ ተማሪ 84 ገጽ ጥናቱን ይዞ መጣ፣ ሰኔ እየደረሰ ነው፣ ወረፋ አለ፣ እኔ ሳላይ ከፈትኩት፣ ፕሪንት አልኩት፣ ልጁ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይነካካል። 91 ገጽ ወጣ። ማውጫው ምዕራፍ ሦስት 27 ይላል፣ ምዕራፍ ሦስት 30 ላይ ነው። ሰንጠረዡ ለሁለት ተቆርጧል። ልጁ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ አማካሪው ጋ በ9 ሰዓት ቀጠሮ አለው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የማንም አደለም፣ የገጽ ብዛቱን ታች ጥግ ላይ ዓይቼ ማቆም ነበረብኝ፣ ፎንቱን ጠይቄ ማስገባት ነበረብኝ። በነጻ ድጋሚ አተምኩለት፣ ቶነሩን እኔ ቻልኩት። ከዛ ወዲህ ግድግዳው ላይ በትልቁ ለጥፌያለሁ፦ "ከመምጣትዎ በፊት ፒዲኤፍ አድርገው ይምጡ"። አብዛኛው ችግር በዚች ወረቀት ተፈታ። ራሳችን የምንጽፈውን ደሞ በአቢሲኒካ እንጽፋለን፣ ነጻ ነው፣ የትም ይገባል፣ ለኔ ዓይን ከኒያላም ያምራል፣ የብራና መልክ አለው።

ፍላሽ፦ ኧረ እዚህ ላይ ደስ ብሎኛል። ያ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ታውቁታላችሁ አደል፣ ሰው ፍላሹን ይሰካል፣ ፋይሌ ጠፋ ብሎ ይጮኻል። ፋይሉ አልጠፋም፣ ቫይረሱ ስም የሌለው ፎልደር ሠርቶ እዛ ውስጥ ደብቆት ነው። ሚንት ላይ ስትሰካው ያ ስም የለሽ ፎልደር ቁጭ ብሎ ይታያል፣ ገብተህ ታወጣዋለህ፣ ሾርትከቶቹን ታጠፋለህ፣ ቫይረሱ ለዊንዶውስ የተሠራ ስለሆነ እዚህ እግር የለውም። አንዲት አስተማሪ የሁለት ዓመት የፈተና ፋይላቸው "ጠፍቶ" ነበር፣ በአምስት ደቂቃ አወጣንላቸው፣ "ምን አባቱ ነው ይሄ ማሽን" ብለው መረቁኝ፣ አሁን የመምህራን ማረፊያው ሁሉ እኔ ጋ ነው ፍላሽ የሚያመጣው።

ፕሪንተር፦ ሁለቱ ትንንሾች ገመዱን እንደሰካን ሠሩ፣ አንዱ ተጨማሪ ፋይል ከኢንተርኔት ማውረድ ፈልጎ ነበር። ትልቁ ኮፒ ማሽን በኔትወርክ ገመድ ያትማል፣ ስካኑን ግን ወደ ፍላሽ ነው የምናወጣው። እሱን ተላምደነዋል።

አፕዴት፦ ትንሽ ምልክት ያሳይሃል፣ ስትፈልግ ትጫነዋለህ፣ ሳትፈልግ ትተወዋለህ። በሥራ ሰዓት ተነስቶ ሪስታርት ላርግ አይልም። ዳታ በካርድ ለሚገዛ ሰው ይሄ ብቻውን ከምንም ይበልጣል።

የሠርግ ካርድ፦ እዚህ ላይ ተቸግረናል። የድሮ ካርዶቻችን በሙሉ ፐብሊሸር በሚባለው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ላይ ነው የተሠሩት፣ የሊብሬ ኦፊስ የሥዕል ፕሮግራም (Draw) ላይ ይከፈታሉ ግን ጌጡ እንደ ነበረ አይመጣም፣ ኢንክስኬፕ በሚባል ነጻ የዲዛይን ፕሮግራም እንደገና እየሠራናቸው ነው፣ አንድ ወር የፈጀ ሥራ ነው። ያው ደግነቱ ፐብሊሸርን ማይክሮሶፍት ራሱ በዚሁ በ2026 ኦክቶበር ሊያቆመው ነው፣ ስለዚ ብንቀየርም ባንቀየርም መሥራታችን አይቀርም ነበር። ያስለመዱህን ዕቃ ራሳቸው ሲያነሱት ደሞ ማንን ትከሳለህ።

እና አንድ ማሽን ዊንዶውስ ላይ ቀርቷል፣ አልዋሽም። ሒሳብ የሚሠራልኝ ሰው ፒችትሪ ነው የሚያውቀው፣ እሱ ደሞ ዊንዶውስ ላይ ነው የሚሠራው፣ በዛ ላይ የድሮ የፓወር ግዕዝ ፋይሎች ውስጥ ዩኒኮድ ያልሆኑ፣ ማለትም ሁሉም ኮምፒውተር በሚያውቀው የፊደል ኮድ ያልተጻፉ አሉ፣ ሌላ ቦታ ስትከፍታቸው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተዘራበት እርሻ ነው የሚመስሉት። የኢንተርኔት ገመዱን ነቅለንበታል፣ ብቻዋን ጥግ ላይ ተቀምጣለች፣ ልጆቹ "እመት ዊንዶውስ" ይሏታል።

የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ እንኳን በ2003 ወስና ዓመታት ፈጅታ ወደ ሊኑክስ ሄዳ፣ በ2017 ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ እንመለስ ብሎ ወሰነ። እዛው ጀርመን ደሞ ሽሌስቪግ ሆልሽታይን የሚባለው ክልል በ2024 ወደ 30,000 የሚሆን የመንግሥት ኮምፒውተር ወደ ሊብሬ ኦፊስ አዞራለሁ ብሏል። እነዚህ በጀት ያላቸው፣ የአይቲ ክፍል ያላቸው ናቸው። እኔ ያለኝ የእህቴ ልጅ ናት፣ እሷም ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ከገባች የሚሆነውን እንጃ።

ነጥብ ስጥ ከተባልኩ፣ ሚንትን ከ5 4 እሰጠዋለሁ፣ ሊብሬ ኦፊስን 3 ተኩል፣ ግማሿን የቀነስኩት ኤክሴል ላይ የተወሳሰበ ማክሮ ያለው ፋይል ለሚያመጡ ሰዎች ነው፣ እነሱን "እመት ዊንዶውስ" ጋ ነው የምልካቸው። ፎንቱ ላይ መከራ ያየነውን አልቀነስኩበትም፣ ያ የሚንት ጥፋት አደለም፣ የሰዉም የኛም ልማድ ነው። ዊንዶውስ 11ን ነጥብ አልሰጠውም፣ ማሽኖቼን አልቀበልም ያለኝን ዕቃ እንዴት ነው የምገመግመው።

እዚህ ማርቆስ አካባቢ ያላችሁ መሞከር የምትፈልጉ፣ ከ8 ጊጋ ያላነሰ ባዶ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ ባዶ አልኩ፣ ያለበትን ሁሉ ነው የሚያጠፋው፣ ባለፈው አንዱ የክርስትና ፎቶ ያለበትን ሰጥቶን ልንጣላ ነበር። ጽፈን እንሰጣለን፣ የሻይ ብትሰጡ ለእህቴ ልጅ ነው። እስከ ሰኔ መጨረሻ ግን አትምጡ፣ ባይንዲንግ ላይ ነን።